ጀግናው ሽቦ

ፊውዝ የሚሉት ፈሪ ፍጡር አለ። ቀይዋን የ10 አምፔር ውሰዷት፤ አንድ የተላጠ ሽቦ ቦዲ ነካ ማለት፣ ብጥስ! ፈሪ ለእናቱ ይባላል፤ ይህች ለእናቷም አትሆን።

ሰሞኑን ከደሴ ወደ መካነ ሰላም ስንጓዝ፣ የለጋምቦ ብርድ አጥንት በሚሰብርበት ሰዓት ሚኒባሳችን ቀጥ አለች። ገፍተን ካገኘነው ጋራዥ አደረስናት። ባለሙያው ኮፈኑን ከፍቶ፣ ወገቡን ይዞ አየና ፈረደ፦ «ባትሪ ነው።» ተቀየረ። ወይ ፍንክች! «እንግዲያው ዲናሞ ነው።» እሱም ተቀየረ። ሹፌሩ ኪሱን ዳበሰ፤ እኛ ጋቢያችንን ሰበሰብን። በመጨረሻ የፊውዙ ሳጥን ተከፈተ። ተበጥሷል። አዲስ ገባ፣ ተበጠሰ። ሌላ ገባ፣ እሱም ተበጠሰ።

«ልጄ፣ ከአንድ ቤት ሦስት ሰው ሲሞት በሽታው አይጠየቅም?» አሉ አንድ አዛውንት።

«አባባ፣ ፊውዙ የቻይና ሆኖ ነው» አለና የመዳብ ሽቦ በጥርሱ ልጦ፣ ጠምዝዞ፣ በፊውዙ ቦታ ሰካው። ሞተሩ ተነሳ። አጨበጨብን።

ደግሞስ ለምን አናጨበጭብ? 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የመዳብ ሽቦ እኮ 80 አምፔር ገደማ ካልደረሰበት አይቀልጥም። ከሱ በፊት የመስመሩ ላስቲክ ይቀልጣል፣ ጎን ለጎን የታሰሩት ሽቦዎች ይያያዛሉ፣ የነዳጁ ጎማ ይሞቃል። እሱ ግን ወይ ንቅንቅ! ጀግና ማለት ይህ ነው፤ መኪናው ነዶ እንኳ ከአመዱ ውስጥ ይገኛል።

ጊዜ የተረፋቸው አንዳንድ ሰነፎች በፊውዙ ቦታ አምፖል ያስራሉ አሉ። ሾርቱ እስካለ አምፖሉ ቦግ ብሎ ይበራል። እነሱም ሶኬቱን አንድ በአንድ እየነቀሉ፣ ሽቦውን እየነካኩ ይሄዳሉ፤ አምፖሉ ድርግም ያለበት ቦታ ላይ ጥፋቱ ተገኘ ማለት ነው። ብዙ ጊዜ የሚገኘው ኮረኮንች ሲያንገጫግጨው ከብረት ጋር እየተፋተገ የጥፍር ታህል የተላጠ ሽቦ ነው። በናስትሮ ይጠቀለላል፣ ከብረቱ ራቅ ተደርጎ ይታሰራል፣ አለቀ። እንዲህ ከሆነማ ባትሪና ዲናሞ ለማን ይሸጣል?

የኛዋ ሚኒባስ አሁንም በዚያው ሽቦ ትሠራለች። ወደ መካነ ሰላም የምትሄድ ወዳጄ፣ የተቃጠለ ላስቲክ ከሸተተህ ከበሩ አጠገብ ተቀመጥ።