ሞተሩስ ተገኘ

ዲኤክስ የሚነዳ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ያውቃል፤ ሞተር ማግኘት አያስቸግርም። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ከዘለቁ፣ በፈረንጆቹ 1990ዎቹ ከተሠራ ኮሮላ ላይ የወረደ 5ኤ ሞተር በነጭ ጋዝ ታጥቦ፣ አፉ በጨርቅ ተወትፎ፣ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። «ዲኤክስ ላይ ይገባል?» ሲሉት ሻጩ ቀና እንኳን አይልም። «ይገባል እንጂ ጋሼ! ሁለቱም ቶዮታ አይደሉ እንዴ?»

ቶዮታስ ናቸው። ነገር ግን የዲኤክሷ 4ኬ ሞተር ቁመቱን ይዞ የተቀመጠ፣ የኋላ ጎማ የሚያዞር ነው። 5ኤው ደግሞ በአግድም ተቀምጦ የፊት ጎማ እንዲያዞር የተሠራ ነው። ሞተሩ እኛ ጋ አምቦ ደርሶ ኮፈን ሲከፈት ጉዱ ይወጣል። የካምቢዮው ካምፓና ከሞተሩ ጋር ቡሎን ለቡሎን አይገጥምም። የዘይት ኮፓው ከስር ያለውን አግዳሚ ብረት ይነካል። ስፒንትሮጅኖው በስተኋላ ስለሆነ ከዳሽቦርዱ ላሜራ ጋር ይጋፋል። ሱፖርቶው ሌላ፣ ኮሌቶሩ ሌላ። ልክ የሚሆነው ካምፓናና ካምቢዮ በዓለም ላይ የለም አይባልም፤ የዚሁ ሞተር ዘመድ የኋላ ጎማ በምታዞረው ኤኢ86 ኮሮላ ላይ ተገጥሞ ነበር። እሷን ግን በውጭ አገር ያሉ መኪና ወዳጆች ይሻሙባታል፤ ለእኛ አትተርፍም።

ስለዚህ ወደ ቶርኖ ቤት። መካኒኩ የካርቶን ቁራጭ ሞተሩ አፍ ላይ ይለጥፍና በዘይት ጣቱ እየተጫነ የቡሎን ቀዳዳዎቹን ያትማል፤ በካርቶኑ ልክ ወፍራም ብረት ይቆረጣል። ማያያዙ አያቅትም። ጣጣው ያለው መሃሉ ላይ ነው። ቮላኖው መሃል የምትገባው ትንሿ ኩሽኔታና የካምቢዮው ዘንግ በአንድ መስመር ካልዋሉ መኪናዋ ጊንጪ ሳትደርስ ማጓራት ትጀምራለች፤ ቀጥሎ ፍሪሲዮኑ፣ ቀጥሎ ካምቢዮው ራሱ። ካርቶን ደግሞ ሚሊ ሜትር አያውቅም።

ሽቦውንማ አታንሱብኝ። ሞተሩን ያወረደው ሰው ሽቦውን በካራ ቆርጦ ነው የለየው። ኮምፒውተሩ ሌላ ሱቅ ነው፣ የሌላ ሞተር ላለመሆኑም ዋስ የለውም። የ4ኬ ነዳጅ ፖምፓ ካርቡራተር ለመሙላት ያህል ብቻ ነው የሚገፋው፤ የ5ኤው ኢንጀክተር የሚፈልገው ግፊት የዚያን አሥር እጥፍ ያህል፣ ወደ 3 ባር የሚጠጋ ነው። የድሮው ጎማ ቱቦ ያንን አይችልም። «ለጊዜው እሱን እናድርገው» የሚል መካኒክ ግን መቼም አይጠፋም።

አንዲት ጓርኒሲዮን በተረሳች ቁጥር ደግሞ አዲስ አበባ፤ ከ110 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ። በቴሌግራም ፎቶ ተልኮ «ይቺን» ሲባል፣ በሚኒባስ የምትመጣው የእሷ የአክስት ልጅ ናት። ካርቶኑ ላይ ጃፓን ተጽፏል፤ ዕቃው ላይ ምንም አልተጻፈም።

«ታዲያ ምን አስለፋችሁ?» የሚለን ሰው ካርቡራተር ይዞ ወንጪን ያልወጣ ነው። አምቦ ራሷ ከባሕር ወለል 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ በመሳሳቱ ብቻ የሞተር ጉልበት አንድ አምስተኛ ያህሉ ይቀንሳል። ወንጪ ጫፍ ላይ 3,000 ሜትር ታልፏል፤ ካርቡራተሩ ግን የለመደውን ቤንዚን ያፈሳል፣ ማርሚታው ጥቁር ጭስ ይተፋል። ኢንጀክተር ያለው ሞተር የአየሩን ግፊት እየለካ ቤንዚኑን ይመጥናል። ሌላ መኪና ግዙ እንዳይባልም፣ በ2012 በአሮጌ መኪና ላይ ኤክሳይዝ ታክሱ ናረ፤ በ2016 የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ተከለከለ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ የብሩ ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ። ኤሌክትሪክ ግዛ የሚለኝም አለ። እሺ፤ ጉደርን አልፌ ጌዶ ስደርስ የት እንደምሰካው አብሮ ይንገረኝ።

ይህ ሁሉ ታልፎ፣ መኪናዋ ተነስታ፣ የቦሎ ጊዜ ይደርሳል። ሊብሬው ላይ የተጻፈው የ4ኬው ሞተር ቁጥር ነው። የአዲሱን ለማስመዝገብ ሞተሩ ቀረጥ ተከፍሎበት መግባቱን የሚያሳይ ዲክላራሲዮን አምጣ ይባላል። ወደ ሻጩ ይደወላል። ድምፁ ያው የዚያ ቀና እንኳን የማይለው ሰው ድምፅ ነው፦ «ጋሼ፣ ያኔ ሞተር ነው ወይስ ወረቀት የፈለጉት?»