ጦቢያ በካርቱም

ጦርነቱ በሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ሰዉን ሳይበትነው በፊት፣ ካርቱም ዴም ሠፈር ቡና ጠጥቶ ሳይተረብ የተነሣ ሐበሻ አላውቅም። የሚከፈለው ለቡናው ነው፤ ተረቡ ምርቃት ነበር።

ረክሻዬን ጥላ ሥር አቁሜ ስልኬ ላይ አፍጥጫለሁ። ቡና የምታፈላው ልጅ፣ ዴም ተወልዳ ያደገች፣ ምላሷ ከከሰሏ ይልቅ የሚፋጅ፣ ያዘችኝ።

«ፍቅር ነው ዕዳ?»

«ጦቢያ ናት። በልጅነቴ ያነበብኳትን እየደገምኩ ነው። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ያሳተመው፣ የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ።»

«ሮም? በሊቢያ ነው የገባው?»

«ኧረ በመርከብ!»

«የእኛም ልጆች በመርከብ ነው፤ የእነሱ ግን በፓምፕ የሚነፋው።»

ወሬ ለማስቀየር ታሪኩን ጀመርኩላት። ጦቢያ የጠፋ ወንድሟን ፍለጋ ወንድ መስላ ከአባቷ ጋር ትወጣለች። ያያት ሁሉ ወንድ ናት ብሎ ያምናል።

«ሱሪ ስላጠለቀች ብቻ? አገራችሁ የዓይን ሐኪም የለም?»

«ልጅ ሆኜ አምኛታለሁ። አሁን ሳነባት ግን...»

«ዓይንህ ተገለጠ? ታዲያ ትናንት የሰጠኸኝ ፓውንድ ተቀዶ እንደነበር እንዴት አልታየህም?»

ዝም ስል የራሷን አመጣች። «የእኛዋ ፋጢማ ሰምሃ ትበልጣታለች። ሰምሃ ማለት ቆንጆ ነው። ጎረቤታችን ሀቦባ ማታ ማታ ትነግረን ነበር።» ሀቦባ የሚሉት አያትን ነው። እነዚህን አሐጂ የሚባሉ ተረቶች ሊቁ አብደላ አል ጠይብ ሰብስቦ በመጽሐፍ አውጥቷቸዋል።

«እሷስ ምን ለበሰች?»

«ልብስ የድሃ ነው! የሽማግሌ ቆዳ ለብሳ ነው ያመለጠችው።»

«በካርቱም ሙቀት? የራሳችን አንዱ ቆዳ መች ቻለው!»

ጎረቤት በርጩማ ላይ ያሉት ሳቁ። አንድ ለባዶ መራሁ ስል፣

«መተማን ሁለት ጃኬት ደርቦ የተሻገረ ሰው ስለ ሙቀት አያወራም» አለች።

«እሺ፣ ልብሱም ቆዳውም ይቅር። ሰው ግን ሌላ ሰው መስሎ ዓመት አይዘልቅም። የሁለቱም ውሸት እዚህ ላይ ይነቃል።»

መልስ አልሰጠችም። ጀበናዋን አነሣች፣ ፊንጃኔን አለቀለቀች፣ ቀና ሳትል ጠራችኝ።

«ሙሐመድ፣ ዝንጅብሉ ይብዛልህ?»

«ይብዛ» አልኩ ቀልጠፍ ብዬ፤ ማተቤ ሸሚዜ ውስጥ እንደተደበቀ።