የታሰረው ድንጋይ

የጎባ ልጅ ነኝ። ይህን ማስቀደሜ ለጉራ አይደለም፤ ዛፍና ጭጋግ ለማየት ቲኬት መቁረጥ ለእኔ ብጤው ምን ያህል እንደሚከብድ እንዲታወቅልኝ ነው። ከጎባ የዶሎ መናን መንገድ የያዘ ሰው የሰኔቲን አምባ ያቋርጣል፤ ቱሉ ዲምቱ ከ4,377 ሜትር ላይ ቁልቁል እያየው፣ ብርዱ ጆሮውን እየቆረጠው። ከዚያ አምባው ድንገት ያልቅና መንገዱ እየተጠማዘዘ ሃረና ጫካ ውስጥ ይዘፈቃል። በመጀመሪያ አስታ፣ ቀጥሎ ኮሶ፣ ሪራ አካባቢ ቀርከሃ፣ ዝቅ ሲሉ ደግሞ ማንም ያልተከለው ቡና። ልጅ ሳለሁ አጎቴ በጭነት መኪና ይዞኝ ሲወርድ፣ ሽበታቸውን ያንዠረገጉት ኮሶዎች ለሽምግልና የተቀመጡ አዛውንቶች ይመስሉኝ ነበር። እኛ ስንደርስ ወሬያቸውን የሚያቋርጡ።

እንግዲህ ይህ ሰው ሲያትል ሄደ። የአክስቴ ልጅ በሦስተኛው ቀን «ና፣ ሃረናን የሚያስረሳ ቦታ ላሳይህ» አለችኝና ከተማው ውስጥ ወዳለው የጃፓን የአትክልት ስፍራ ወሰደችኝ። የከፈለችው እሷ ናት፤ ወደ ብር ቀይሬ ያሰላሁት ግን እኔ ነኝ። ባላሰላው ይሻለኝ ነበር።

ስፍራውን የነደፉት ጁኪ ኢይዳ የሚባሉ ጃፓናዊ ናቸው፤ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1960 ነው። ከካስኬድ ተራሮች ከ500 በላይ ቋጥኝ መርጠው እንዳስመጡ የአክስቴ ልጅ ስትነግረኝ ደጋግሜ ጠየቅኋት። እኛ ዘንድ ገበሬው ዕድሜውን የሚፈጀው ድንጋይ ከማሳው ለቅሞ በማውጣት ነው። እዚህ ድንጋዩ ተራራ ሆኖ፣ ኩሬው ባሕር ሆኖ፣ ጉብታው አገር ሆኖ ቆሟል። አንድ ሰውዬ ተንበርክኮ፣ እንደ ስጋጃ ከተነጠፈው ሳረንስት መሃል የበቀለችን አንዲት ሳር በጣቶቹ ይነቅላል። አንዲት ሳር! በሃረና ይህ ሳረንስት የወደቀ ግንድ አልብሶ፣ ድንጋይ አልብሶ፣ ቆሞ የዋለ በሬ ቢያገኝ የሚምር አይመስልም።

ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. እዚያው ጃፓን ድረስ ሄደው፣ በክብር ተመልሰው «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን»ን ጽፈዋል። እኔ ሲያትል ካለች የጃፓን ጓሮ እንኳ በክብር መመለስ አቃተኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአክስቴ ልጅ ስልክ ስታወራ እኔ ቀደም ቀደም አልኩ። መንገዱ ለሁለት በሚከፈልበት ቦታ፣ በአንደኛው የመርገጫ ድንጋይ ላይ፣ ጡጫ የምታህል ክብ ድንጋይ በጥቁር ገመድ በመስቀልኛ ታስራ ተቀምጣለች። እንደ ዳቦ ተቋጥራ፣ ቋጠሮዋ እንደ ማንጠልጠያ ከላይ ቆሞ። አንድ ሰው ረስቷት የሄደ መሰለኝ። እናቴ ደግሞ እንቅፋት ከመንገድ ያነሳ ሰው ጽድቅ አለው እያለች ነው ያሳደገችኝ። በቋጠሮዋ አንጠልጥዬ ዳር አስቀመጥኳትና፣ ጽድቄን ይዤ ወደ ውስጥ ገባሁ።

ውስጡ ጸጥ ያለ ነው። አንዲት የእንጨት ቤት፣ የድንጋይ ፋኖስ፣ ዙሪያውን ሳረንስት። እዚያ አረፍ ብዬ አንድ እግሬን ከጫማ ሳወጣ አንዲት ነጭ ፀጉር ያላቸው በጎ ፈቃደኛ እናት ከኋላዬ ጎንበስ ብለው ሰላም አሉኝ። እኔም በደንብ ጎንበስ አልኩ፤ የመጡት ሊቀበሉኝ መስሎኝ። ቦታው የሻይ ሥርዓት የሚካሄድበት እንደሆነ፣ ያለ ጥሪ እንደማይገባበት፣ ያች የታሰረች ድንጋይም «ሰኪሞሪ ኢሺ» እንደምትባል በትዕግሥት አስረዱኝ። ኬላ ጠባቂ ድንጋይ ማለት ነው።

ኬላ አውቃለሁ። ኬላ ማለት አስፋልት ላይ የተወጠረ ገመድ፣ ከገመዱ ወዲያ ወንበር፣ ወንበሩ ላይ ደረሰኝ የያዘ ሰው ነው። እነዚህ ሰዎች ሰውዬውንም ወንበሩንም ትተው፣ ገመዱን ድንጋይ ላይ ጠምጥመው፣ አላፊ አግዳሚው ይፈራዋል ብለው ያምናሉ። የሚገርመው መፈራቱ ነው።

«ይቅርታ» እያልኩ መንገድ ልለቅላቸው ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄድኩ። ሁለቱም ሳረንስቱ ላይ ዐረፉ። አንዱ በካልሲ ስለነበር ብዙም አልጎዳም፤ ሌላው ግን የጫማዬን ጥርስ ሳይቀር እንደ ማኅተም መታው። ሴትዮዋ አልተቆጡም፤ ቢቆጡ በወደድኩ። ተንበርክከው የተገፋውን ጠርዝ፣ እናቴ የአምባሻ ጫፍ እንደምታስተካክለው፣ በመዳፋቸው ቀስ እያደረጉ ወደ ቦታው መለሱት። ከኬላው ማዶ የአክስቴ ልጅ በአማርኛ፣ ጮክ ብላ፣ «አዋረድከኝ!» ትላለች።

አገሬ ስገባ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ቆይቷል፤ መስከረም 2016 ዓ.ም. ነበር። ሃረና ወርጄ ሪራ አጠገብ ከመኪና ስወርድ፣ ሳረንስቱን እንዳልረግጥ ለካ በእግሬ ጣት ነው የምሄደው። አንድ እረኛ ልጅ ከብቶቹን እዚያው አረንጓዴ ላይ እየነዳ ሲያልፍ ቆም ብሎ አየኝና፣ እሾህ ወግቶኝ እንደሆነ በኦሮምኛ ጠየቀኝ።

ጎባ በሁለተኛው ቀን የእናቴን ጎመን ጥጃዋ እየገባች እንደምትግጥ ሰማሁ። ክብ ድንጋይ ፈልጌ፣ በሲባጎ በመስቀልኛ አሳምሬ አሰርኩና ጓሮው መግቢያ ላይ አስቀመጥኩ። ከሰዓት በኋላ ጥጃዋ ድንጋዩን አሸተተችው፣ ሲባጎውን ላሰችው፣ ተሻግራም ወደ ጎመኑ ገባች። እናቴ ከማጀት ብቅ አለች። ጥጃዋን አየች፣ ድንጋዩን አየች፣ እኔን አየች።

«ድንጋዩ እንዳይሄድብህ ነው ያሰርከው? ጥጃዋን እሰር እንጂ!»