ስንት አመጣ?

አዲስ ላፕቶፕ ቤት ሲገባ ድሮ የሚጠየቀው ዋጋው ነበር። አሁን «ስንት አመጣ?» የምትባል ጥያቄ ተጨምራለች። ላፕቶፕም ይፈተናል። ሲኒቤንች ወይም ጊክቤንች የተባለ ፈታኝ ፕሮግራም ይጫንበትና ፕሮሰሰሩን ጥቂት ደቂቃ አስጨንቆ ነጥብ ይሰጠዋል። ባለቤቱም ነጥቡን ይዞ፣ ያው ዓይነት ፕሮሰሰር ያላቸው የሌሎች ሰዎች ላፕቶፖች ስንት እንዳመጡ ሲያስተያይ ያመሻል። ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ የለም።

እንቅልፍ ካጡት አንዱ አዲስ አበባ ውስጥ የአንድ ድርጅት የሒሳብ ሹም ናቸው። የእህታቸው ልጅ «ጋሼ» ስለሚላቸው እኛም ጋሼ እንበላቸው። ላፕቶፑን ያመጣላቸው ከአሜሪካ ለበዓል የመጣ ዘመድ ነው፤ ትእዛዛቸውም አጭር ነበር፦ «አይ 7 ይሁንልኝ!»

ይህች «አይ 7» ብዙ ሰው አሳስታለች። ሱቅ ውስጥ ስትነሳ ክርክር ሁሉ ይዘጋል። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጣው አይ5-8250ዩ ግን አራት ኮር (የሚያሰላ ክፍል) ሲኖረው፣ ቀድሞት የወጣው አይ7-7500ዩ ያለው ሁለት ብቻ ነው። ኮሮቹ በሙሉ በሚሠሩበት ፈተና ባለ 5ቱ ባለ 7ቱን በሰፊው ይጥለዋል። ከ«አይ 7» በኋላ የሚመጡትን ቁጥሮች የሚያነብ ገዢ ግን ጥቂት ነው፤ ሻጩም ቢሆን አንብቡ ብሎ አይለምንም።

የጋሼ ላፕቶፕ አይ7-1255ዩ ነው። አሥር ኮር አለው፤ ሁለቱ ፈጣኖች፣ ስምንቱ ኃይል ቆጣቢዎች። ኢንቴል ራሱ ለዚህ ፕሮሰሰር ሁለት የኃይል ልክ ጽፎለታል፦ መደበኛው 15 ዋት፣ ጣሪያው 55 ዋት። ሥራ ሲሰጡት መጀመሪያ ወደ ጣሪያው ይሮጣል፤ ትንሽ ቆይቶ የላፕቶፑ አምራች ወደ ፈቀደለት ዝቅ ያለ ልክ ይመለሳል። የሙከራ ጊዜውን እስኪጨርስ ድረስ ከሁሉ ቀድሞ ቢሮ የሚገባ አዲስ ተቀጣሪ ማለት ነው። ሲኒቤንች አር23 መቼቱን ካልነኩት 10 ደቂቃ ሙሉ የሚፈትነውም ይህን ጠባይ ስለሚያውቅ ነው። ጊክቤንች በአንጻሩ በየመሃሉ ትንፋሽ ይሰጣል፤ ቶሎም ይጨርሳል። ስለዚህ ቀጭን ላፕቶፕ በአንዱ ተመስግኖ በሌላው ሊያፍር ይችላል።

የሙቀት ነገር ከተነሳ የፍሪዘሩ ታሪክ አይታለፍም። አፕል በጁላይ 2018 አይ9 ያለው ማክቡክ ፕሮ አወጣ። ዴቭ ሊ የተባለ የዩቲዩብ ገምጋሚ አንድ ቪዲዮ በአዶቤ ፕሪሚየር ሲያወጣበት 39 ደቂቃ ፈጀበት፤ የቀደመው ዓመት አይ7 ማክቡክ ያንኑ ሥራ የጨረሰው በ35 ደቂቃ ነበር። ሰውዬው ላፕቶፑን ፍሪዘር ውስጥ ከተተው። 27 ደቂቃ! አፕል በዚያው ወር፣ ሙቀት የሚቆጣጠረው ሶፍትዌር ውስጥ አንድ ዲጂታል ቁልፍ ጎድሎ ነበር ብሎ ይቅርታ ጠየቀ፤ ማስተካከያም ለቀቀ። ሙከራው እዚህ ተደርጎ ቢሆን 20ኛው ደቂቃ ላይ መብራት ይሄድ ነበር።

አዲስ አበባ ብርድ ስለሆነ ላፕቶፕ አይግልም የሚሉም አሉ። ከተማው ግን ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሚገኝ አየሩ ስስ ነው፤ ስስ አየር ደግሞ በፋኑ ሲያልፍ ይዞት የሚወጣው ሙቀት ያንሳል። ድሬዳዋ ላይ አየሩ ወፈር ይላል፤ ግን ራሱ ግሎ የመጣ አየር ማንን ያበርዳል?

ጋሼ ይህን ሁሉ የሰሙት ዘግይተው ነው። ነጥባቸው ከተጠበቀው በብዙ አንሶ ሲያገኙት «ፎርጂድ ሸጡልኝ!» ብለው ለእህታቸው ልጅ ደወሉ።

«ጋሼ፣ ቻርጀሩ ተሰክቷል?»

«ምን ያደርጋል? ባትሪው ሙሉ ነው።»

«ዊንዶውሱስ ኃይል ቆጣቢ ላይ ነው እንዴ?»

«መቆጠብ ነውር ሆነ? የሒሳብ ሰው እኮ ነኝ!»

«ሲፈትኑት የት ነበር ያስቀመጡት?»

«አልጋ ላይ። ብርድ ልብሱ ላይ።»

ልጁ መጣ። ላፕቶፑን ጠረጴዛ ላይ አዋለው፣ ቻርጀሩን ሰካ፣ የኃይል መቼቱን ቀየረ፤ ከጀርባ ሲወርድ የነበረው የዊንዶውስ አፕዴትም እስኪያልቅ ጠበቀ። ጋሼ ራሳቸውን ሲያወዳድሩ የከረሙትም ከነጥብ ሰንጠረዡ አናት ጋር ነበር፤ እዚያ የሚገኙት ወፍራም ገላና ሰፊ ማቀዝቀዣ ያላቸው፣ አምራቹ ዋት ያልሰሰተባቸው ላፕቶፖች ናቸው። ልጁ የጋሼን ላፕቶፕ ሞዴል ውጤቶች ብቻ ለይቶ መሐል ላይ ያለውን አሳያቸው። ፈተናው ሲደገም ነጥቡ እዚያው አካባቢ አረፈ። ዘመዱም ከሐሜት ዳነ።

ደስታው እስከ ሰኞ ቆየ። ሰኞ ጠዋት ጋሼ ቢሮ ገብተው የሒሳብ ፕሮግራሙን ፒችትሪን ከፈቱና የወሩን ሪፖርት አዘዙ። ቡና መጣ፣ ተጠጣ፣ ሲኒው ተመለሰ፤ ሪፖርቱ ግን ገና ነው። ፋይሉ የተቀመጠው ቢሮው ጥግ ባለ አሮጌ ኮምፒውተር፣ እየተሽከረከረ በሚያጉረመርም ሃርድ ዲስክ ላይ ስለሆነ ባለ አሥር ኮሩም ተራ ይጠብቃል። የእህታቸው ልጅ ለአሮጌው ኮምፒውተር ኤስኤስዲ የሚባለው ፈጣን ዲስክ ይገዛለት ብሏል። ጋሼ የግዢ መጠየቂያውን ሞልተው አስገብተዋል፤ አሁን የሥራ አስኪያጁ ፊርማ እየተጠበቀ ነው።