ባቄላና ጠጠር

«አሳታፊ የተግባር ምርምር» ሊካሄድ ነው ሲባል ቀበሌው ወዲያው ይገባዋል። ላንድክሩዘሩ ይቆማል፣ ፍሊፕ ቻርቱ ይወርዳል፣ ሊቀመንበሩም ጃኬት ቀይረው ይመጣሉ። አዛውንቶቹ ዋርካው ሥር ተሰብስበው መንደራቸውን በጠጠር ይሠራሉ፤ ከችግሮቻቸው ደግሞ ለሚብሰው ባቄላ ይቆልላሉ። ባቄላ የበዛለት አንደኛ ይወጣል።

ውሃ አንደኛ ወጣ እንበል። በጀቱ ግን ከከተማ ሲነሣ የጸደቀው ለማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ነው። የአመቻቹ ሙያ የሚታየው ይኼኔ ነው!

«ውሃው ቢገኝ ምን ታደርጉበታላችሁ?»

«እንጠጣለን፤ ወጥ እንሠራበታለን።»

«ወጡስ በምን ይበስላል?»

ፀሐይ ሳትጠልቅ ማኅበረሰቡ በገዛ አንደበቱ ምድጃ መርጦ ያድራል። ቃለ ጉባኤውም «በሙሉ ድምፅ» ይላል።

የዘዴው አባቶች ያሰቡት ሌላ ነበር። ኮሎምቢያዊው ኦርላንዶ ፋልስ ቦርዳ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በካሪቢያን ጠረፍ ከገበሬዎች ጋር የመሬት ትግላቸውን ታሪክ ካጠና በኋላ ውጤቱን በሥዕል ታሪክ መጽሐፍ መልሶ ሰጥቷቸዋል። የእኛው ሪፖርት የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ ለመንደሩ የሚተርፈው የሻይና የዳቦ ትዝታ ነው። እንግሊዛዊው ሮበርት ቻምበርስም መሬት ላይ የሚሣልበትን እንጨት ለገበሬው አስረክቡ እያለ ኖሯል። እንጨቱንስ በርግጥ ተረክቧል፤ ማርከሩ ነው ከባለሙያው ኪስ አልወጣ ያለው። አሜሪካዊቷ ሼሪ አርንስታይን በ1969 (እ.ኤ.አ.) ለተሳትፎ ስምንት እርከን ያለው መሰላል ሠርታለት ነበር፤ የታችኛውን እርከን የሰጠችው ሰውን እንደፈለጉ ለመዘወር ነው። ብዙው ስብሰባችን እዚያው ተቀምጦ ቆሎውን ይቆረጥማል።

ገበሬውም ቢሆን የዋህ እንዳይመስላችሁ። ብዙ አጥኚ ያስተናገደ መንደር አጥኚውን ራሱን አጥንቶ ጨርሷል። ስለ ሥርዓተ ፆታ ሊጠየቅ ሲል ሴቶቹን ፊት ያስቀምጣል፤ የአየር ንብረት ሲነሣ የድሮውን ዝናብ እያሰበ ይተክዛል፤ አበል ያለበትን ዎርክሾፕ ከሌለበት በመኪናው ድምፅ ይለያል። በእኔ ግምት እውነተኛው አሳታፊ ምርምር ይኼ ነው፤ አሳታሚ አጣ እንጂ።

ስለዚህ፣ ባለ ፍሊፕ ቻርቶች ሆይ፣ በጀቱ ለምን እንደጸደቀ ገና ከመኪናው ሳትወርዱ ንገሯቸው፤ ግማሹ ቀን ለእርሻቸው ይተርፋል።