ትላስካላን የት ትቆርጣታለህ?

ስፓንኛን በማድሪድ አነጋገር የተማረው ወዳጄ «ት» እና «ል» ጎን ለጎን ሲመጡለት መሃላቸው ገብቶ ይቆርጣል። አትላስን «አት» ብሎ ያርፍና «ላስ» ይላል። በዚያ አገር ልክ ነው፤ «አ-ትላስ» የሚሉትም ልክ ናቸው፤ የስፔን ቋንቋ አካዳሚ ሁለቱንም ይቀበላል። ሜክሲኮ ገብቶ የአገሬውን ነባር ቋንቋ፣ የናዋትልን ቃል ሊቆርጥ ሲነሳ ግን ዝም አልለውም።

እስቲ የሜክሲኮዋን ትላስካላን ቁረጣት! «ት»ን ያለ አናባቢ ብቻዋን ልታቆማት ነው? ፖፖካቴፔትል የሚባለውን እሳተ ገሞራስ? «ፔት» ብለህ «ል»ን ሜዳ ላይ ልትጥላት? ናዋትል ተናጋሪ እኮ ሁለት ድምፅ አያወጣም። ምላሱ ላንቃው ላይ ተጣብቃ አየሩን በጎኗ ስትለቅ የሚሰማ አንድ ተነባቢ ነው። ስፔናውያን ሁለት ፊደል ስለሰጡት ሁለት አይሆንም። የማሳትላን ከተማም ማ-ሳ-ትላን ነው፤ አለቀ።

«እሺ፣ ድምፁ የት ይጎላ የሚለውንስ ስፓንኛ አይደል የሚወስነው?»

ቲማቲሙን ጠይቀው! ናዋትል ድምፁን የሚያጎላው ከመጨረሻው ቀድሞ ባለው ቀለም ላይ ነው። ስሙ በናዋትል «ቶማትል»፣ ሁለት ቀለም ነው፤ የሚጎላው «ቶ»። የስፔን ምላስ ያ የመጨረሻ ድምፅ አልሆንልህ ሲለው «ቴ» ብሎ ተካው፤ ቶ-ማ-ቴ ሦስት ሆነና ጉላቱ ወደ «ማ» ዞረ። ኮዮትልም ኮዮቴ ሲባል እንዲሁ ሆነ። የጎላው ቀለም ተለወጠ፤ ከኋላ ሁለተኛ መሆኑ ግን አልተነካም። እኔ ይህን ሳይ ደስ ይለኛል።

«ቴኖችቲትላንስ? መጨረሻው ቀለም ላይ የጉላት ምልክቱ ጭረት የሌለበት ጽሑፍ አየሁ። ስህተት ነው!»

የምን ስህተት? እ.ኤ.አ. በ1521 በስፔናዊው ወራሪ በኮርቴስ እጅ የወደቀችው ከተማ በራሷ ሰዎች አፍ የምትጎላው «ቲ» ላይ ነበር። በስፓንኛ ደግሞ በ«ን» የሚያልቅ ቃል ጭረት ከሌለው ከመጨረሻው ቀድሞ ባለው ቀለም ይጎላል። ጭረቷን ስታነሳት ስሙ በስፓንኛው ሕግ ራሱ ወደ ናዋትሉ አነባበብ ይመለሳል። የሜክሲኮ ብሔራዊ የአንትሮፖሎጂና የታሪክ ተቋምም የጥንቷን ከተማ ቴኦቲዋካንን ያለ ጭረት የሚጽፈው ማስቀመጡን ረስቶ አይደለም።

«መንገደኛው ሁሉ እኮ መጨረሻው ላይ ነው የሚያጎላው!»

ያጉላ፤ የዛሬው ስፓንኛ ነው፤ ማን ከለከለው? አንተ ግን የቀደመውን የያዘውን ሰው አላዋቂ አትበለው።