ሥራ ፈቱ አደይ

በግቢዬ አደይ አበባ አለማለሁ ያለ ሰው ጠቡ ከአረም ጋር አይደለም፤ ከአራሚ ጋር ነው።

ጽጌረዳን ሳያብብም ማንም ያውቀዋል፤ እሾሁ መታወቂያው ነው። አደይ ግን እስኪያብብ ድረስ ያው አረም ነው። ክረምቱ ሲገባ ከሣሩ እኩል ብቅ ይላል፤ ሐምሌና ነሐሴን ቅጠል ብቻ ይዞ ሽቅብ ይመዘዛል። ግቢ ሊያጸዳ የመጣው የቀን ሠራተኛ ዶማውን ተደግፎ፣ «ጋሼ፣ ይኼን ልመንግለው?» ይላል። «ተው፣ አበባ ነው» እለዋለሁ። ተክሉን ከሥር እስከ ጫፍ ያያል፤ አበባ የለም። ቀጥሎ እኔን ያያል። «እሺ ጋሼ፣ እርስዎ ካሉ» ይላል፤ ያመነ ግን አይመስልም።

ሌላው ሥራ ቀላል ነው። ኅዳር ላይ የደረቀውን ራስ አራግፎ ዘሩን ማስቀመጥ፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል መሬቱን ጫር ጫር አድርጎ መበተን፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን ዘብ መቆም። ፍግ አምጡ አይል፣ ውኃ አጠጡኝ አይል።

ከአክስቴ የሚያድን ዘብ ግን የለም። ነሐሴ ላይ ልትጠይቀን መጥታ ገና ከበሩ፣ «ምነው ልጄ፣ ቤቱ ሰው የለበትም እንዴ? ጎመን አትተክልበትም?» አለችኝ። የአደይን ዘር ማንዘር ቆጠርኩላት፦ ኑግ፣ ሱፍ፣ ሰላጣ፣ የጠላ ጋን የምታጥብበት ግራዋ ሳይቀር ከአንድ ቤተሰብ ናቸው። በጥሞና ሰማችኝና፣ «ዘመዶቹማ ሁሉም ሥራ አላቸው። አንተ ሥራ ፈቱን መርጠህ አስገባህ» አለች።

አደይ ግን በሥራ ፈትነት አይታማም። መስከረም ሊጠባ ሲል የተከፈተውን አንዱን ራስ ቀረብ ብላችሁ እዩት። አንድ አበባ ይመስላል እንጂ ማኅበር ነው። ዳር ዳሩን የተዘረጋው ቢጫ እያንዳንዱ ራሱን የቻለ አበባ ነው፤ መሐል ላይ ተጠጋግተው የቆሙት ጥቃቅኖቹም እንደዚያው፣ ከዳር ወደ መሐል በተራ ይከፈታሉ። ንብ እዚያ ላይ ካረፈች ቶሎ የማትነሣው ለዚህ ነው፤ ሁሉንም ሳትጎበኝ አትሄድም።

የእንቁጣጣሽ ዋዜማ አክስቴ ተመልሳ መጣች። በአንድ እጇ የበግ ገመድ፣ በሌላው ከመንገድ ዳር የገዛችው እቅፍ አደይ። በነጻ የሚበቅለውን ነቅሎ ጥሎ፣ በዓመት በዓል በገንዘብ መግዛት የከተማችን ወግ ነውና ምንም አልተናገርኩም። እሷ እቅፏን በብርጭቆ ውኃ ውስጥ አቁማ ስታደንቅ፣ በጉ የታሰረበት ገመድ እስከ መደቤ ይደርስ ኖሯል። ሲነጋ አደይ የነበረበት ቦታ እንደተላጨ ራስ ተመልጦ አገኘሁት።

የበዓሉ ምሳ ላይ አክስቴ ከጥብሱ ደጋግማ ጎረሰች። «እንዲህ ያለ የሚጣፍጥ በግ ቀምሼም አላውቅ። ምን ሲበላ ኖሮ ይሆን?»

«ሥራ ፈቱን» አልኳት።